«ካናዳ ፈቅዳለች» ስትሉ አጥሩንም ንገሩ

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጡረታ የወጣሁ የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። እዚሁ ከተማ 31 ዓመት አስተምሬአለሁ። ይህን የምጽፍላችሁ በሰፈሬ ወጣቶች መካከል «ካናዳ ካናቢስን (ሀሺሽን) ፈቅዳለች» የሚል አንድ ግማሽ ወሬ እየዞረ ስለሆነ ነው። ወሬውን ያስጀመርኩት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ሌላውን ግማሽ የመናገር ዕዳ አለብኝ።

በግንቦት 2016 ዓ.ም. ልጄን ልጠይቅ ካናዳ ሄድኩ። የምትኖረው ኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር፣ ሐሚልተን ከተማ ነው። እስከ ጥቅምት ቆየሁ። ስመለስ ጎረቤት ተሰበሰበ፣ ቡና ተፈላ፣ ያየሁትን ሁሉ አወራሁ። ስለ ሀይቁ አወራሁ፣ ስለ ልጅ ልጄ አወራሁ። በመሃል የልጄ ባል በጓሮው አራት የካናቢስ ተክል እንደሚያሳድግ፣ ሕጉም እንደሚፈቅድለት ተናገርኩ። ሴቶቹ አማተቡ፣ አንዷም «አስተግፊሩላህ» አለች። በዚያው ወደ ሌላ ጨዋታ ተሻገርን።

በሳምንቱ በአንድ ወቅት ያስተማርኩት ልጅ መንገድ ላይ አስቆመኝ። በድሬ ወግ «አንቺ» እያለ፣ እጄን እንደያዘ፣ «አቦ ቲቸር፣ ፍሬውን ለምን አላመጣሽልንም?» አለኝ። የሚቀልድ መስሎኝ ነበር። አልቀለደም። አጎቱ በቅርቡ ከቶሮንቶ ሊመጣ ነው። ጥቂት ፍሬ በካልሲ ውስጥ ጠቅልሎ እንዲያመጣለት ሊነግረው ነው። «እዚያ ተፈቅዷል እኮ፣ ምን ችግር አለው?» አለኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

እኔም ተክሉን ያየሁ ቀን ደንግጬ ነበር። በእኛ አገር ሀሺሽ ሲባል የሚታሰበን እስር ቤትና ያበደ ልጅ ነው። በአማርኛ አንዳንዶች ዕፀ ፋሪስ የሚሉት ይኸው ነው። አማቼ ድንጋጤዬን አይቶ ወንበር ሳበልኝ። «እማማ፣ ይቀመጡ፣ ላስረዳዎት» አለኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት የመኪና አደጋ ደርሶበት ወገቡ ተጎድቷል። ሌሊት ይገላበጣል። ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሮ ማታ ማታ ጥቂት ይወስዳል። መድኃኒት ነው አልልም፣ መርዝ ነው ብዬም አልፈርድበትም። እሱ ሲተኛ ልጄም ትተኛለች። ይህን አይቻለሁ።

ከዚያ ሕጉን ነገረኝ። አስተማሪ ነኝና በቃል አልረካም፤ ልጄ ከመንግሥታቸው ድረ ገጽ አውጥታ አነበበችልኝ። የካናዳ የካናቢስ ሕግ ሥራ ላይ የዋለው በፈረንጆች ጥቅምት 17 ቀን 2018፣ በእኛ ጥቅምት 7 ቀን 2011 ዓ.ም. ነው። የሚፈቅደው በአንድ ቤት አራት ተክል ነው። በሰው አይደለም፣ በቤት ነው። አምስት አዋቂዎች በአንድ ጣሪያ ሥር ቢኖሩም ተክሉ ያው አራት ነው። ፍሬው የሚገዛው ፈቃድ ካለው ሻጭ ነው። ያሳደጉትን መሸጥ ክልክል ነው። ከቤት ውጭ ከ30 ግራም በላይ የደረቀ ይዞ መገኘት አይቻልም። በኦንታሪዮ ዕድሜው ከ19 በታች የሆነ ሰው መግዛትም ሆነ መያዝ አይችልም። ለልጅ የሰጠ ሰው እስከ 14 ዓመት ሊታሰር ይችላል። አሥራ አራት ዓመት! ይህን ስሰማ ልጄን አስቆምኳትና ደግማ እንድታነብልኝ ጠየቅኳት።

አገሩም አንድ ወጥ አይደለም። ጎረቤታቸው ኩቤክ ዕድሜውን 21 አድርጋዋለች። በቤት ማሳደግንም ጨርሳ ከልክላለች። ሰዎች ተከራክረው ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ2023 እ.ኤ.አ. ፍርድ ቤቱ ክልከላው ይጽና አለ። ኒው ብራንዝዊክ ደግሞ ውጭ የሚያሳድግ ሰው ቁመቱ ቢያንስ 1.52 ሜትር በሆነና በተቆለፈ አጥር ውስጥ እንዲያደርገው ታዛለች። ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ላይ ከመንገድ መታየት የለበትም። ኪራይ ቤት ከሆነ አከራዩ በውሉ ሊከለክል ይችላል። አማቼ ራሱ አፓርታማ ውስጥ ሳሉ አንድም አልተከለም፤ ውላቸው አይፈቅድም ነበር። «ካናዳ ፈቅዳለች» የምትለዋ ሁለት ቃል ይህን ሁሉ ትውጠዋለች።

አሁን ስለ ተክሉ ላውራ። መቼም የዕፅዋት ነገር ሲነሳ ዝም ማለት አልችልም። በግቢዬ ፓፓያ አለኝ፣ ዘይቱን አለኝ፣ ሎሚና ጊሽጣ አለኝ። ሐሚልተን ስደርስ ችግኞቹ ገና የቡና ስኒ በምታክል ማሰሮ ውስጥ፣ መስኮት ሥር ነበሩ። እዚያ እስከ ግንቦት አጋማሽ ድረስ ሌሊት ውርጭ ሊመታ ይችላል። ስለዚህ ማንም አትክልት ወዳድ ቲማቲሙንም ቃሪያውንም ከግንቦት መጨረሻ በፊት ደፍሮ አያወጣም። እኛም ጠበቅን። ከዚያ ፀሐይ በደንብ ወደሚያገኘው የጓሮው ጥግ ወስደን ተከልናቸው። ውሃ ማጠጣቱን እኔ ተረከብኩ። ሥራ ፈት ሆኖ መቀመጥ አይሆንልኝም።

በትምህርት ዘመኔ ሁሉ አንድ ነገር አስተምሬ በዓይኔ አላየሁትም ነበር። ዕፅዋት የቀንና የሌሊትን ርዝመት «ይቆጥራሉ»፣ የሚያብቡትም በዚያ ነው ብዬ ሰሌዳ ላይ ሥዕል እሥል ነበር። ተማሪዎቼ ይጽፉታል፣ ለፈተና ይሸመድዱታል፣ ይረሱታል። እውነታቸውን ነው። ድሬዳዋ ላይ ረጅሙ ቀንና አጭሩ ቀን የሚለያዩት በአንድ ሰዓት አካባቢ ብቻ ነው። ማን ልብ ይለዋል? ሐሚልተን ላይ ግን በሰኔ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። ቀኑ ከ15 ሰዓት በላይ ይረዝማል። ተክሎቹ በዚያ ብርሃን እንደ በቆሎ ሽቅብ ይመዘዛሉ። አበባ የሚባል ነገር አያሳዩም። ሐምሌ አልቆ ነሐሴ ሲገባ ምሽቱ እየቀደመ መጣ። ሌሊቱ ረዘመ። አንድ ጠዋት ላጠጣ ስወጣ ቅርንጫፎቹ ጫፍ ላይ ነጫጭ ክር የመሰለ ነገር ብቅ ብሏል። እዚያው ቆምኩ። 31 ዓመት የተናገርኩትን ተክሉ ራሱ ነገረኝ። ያቺን ጠዋት አልረሳትም።

ሌላም አለ። ይህ ተክል ልክ እንደ ፓፓያችን ወንድና ሴት አለው። ሰዎች የሚፈልጉት የሴቷን አበባ ነው። ወንዱ አጠገቧ ከቆየ ትዳቀላለች፣ አበባዋም ፍሬ ይሞላል። ከአራቱ አንዱ ነሐሴ መግቢያ ላይ ትንንሽ ኳስ የመሰለ እንቡጥ አወጣ። ፓፓያ ያሳደገ ሰው ወንዱን ለመለየት መጽሐፍ አያስፈልገውም። ለአማቼ አሳየሁት፣ በዚያው ቀን ነቀለው። ሦስት ቀሩ። ወቅቱ ስላለፈ ሌላ መትከል አልቻለም፤ በሦስቱ ተቃቃ።

መስከረም ላይ ችግር መጣ። እዚያ መስከረም ጠዋት ጠዋት ጤዛው ከባድ ነው፣ ዝናቡም ይመላለሳል። አበባው ደግሞ ጥቅጥቅ ያለ ነው። ውሃ ይይዛል። ከሦስቱ የአንዷ ትልቁ አበባ ከውስጥ በግራጫ ሻጋታ ተበላ። ከውጭ ደህና ይመስላል፣ ገለጥ ስታደርጉት አመድ ነው። ቆርጦ ጣለው። ቀሪዎቹን ጠዋት ጠዋት ቅርንጫፋቸውን እየነቀነቅኩ ጤዛውን አራግፍላቸው ነበር። ሽታውም በዚያው ሰሞን ባሰ። ከአጥሩ ማዶ ያሉት አሮጊት ልብስ ሲያሰጡ እንደሚረብሻቸው በትህትና ተናገሩ። አማቼ ይቅርታ ጠይቆ፣ ለከርሞ ወደ ሌላው ጥግ እንደሚያዛውረው ቃል ገባላቸው። እኔም በማግስቱ ድፎ ዳቦ ጋግሬ ወሰድኩላቸው።

ዋናውን ነገር አልነገርኳችሁም። አጥሩን።

ኦንታሪዮ አጥር እጠር ብላ አታስገድድም። አማቼ ግን ከጓሮው አጥር ሌላ፣ ለአራቱ ተክል ብቻ የእንጨት አጥር ሠርቶላቸዋል። በሩ ቁልፍ አለው። ምክንያቱ ስድስት ዓመት የሆነው ልጁ ነው። አንድ ከሰዓት አጠጥቼ ስወጣ በሩን ሳልቆልፍ ገባሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ቡና ላይ ሳለን ልጁ ቅጠል ይዞ መጣ። «አያቴ፣ እይው፣ እንደ እጅ ነው፣ ጣት አለው» አለኝ። ልጄ ብድግ ስትል ወንበሩ ወደቀ። ልጁ ምንም አልሆነም፤ ጥሬ ቅጠል በእጁ ነካ እንጂ አልበላም። አማቼ እጁን በሳሙና አጠበው። ቁጣ አላወጣም። እኔንም አንድ ቃል አልተናገረኝም። በማግስቱ ግን በራሱ የሚዘጋ መቀርቀሪያ ገዝቶ ገጠመ። በመጨረሻም አጭደው ምድር ቤት ጨለማ ክፍል ውስጥ ዘቅዝቀው ሲያደርቁት ያ ክፍል ተቆልፎ ነበር። ከደረቀ በኋላም የብርጭቆ ማሰሮዎቹ የገቡት ቁልፍ ያለው የብረት ሣጥን ውስጥ ነው።

ፍርሃቱ መሠረት አለው። ሕጉ ከወጣ ወዲህ፣ በተለይ ካናቢስ ያለባቸው ከረሜላና ብስኩት መሸጥ ከጀመሩ በኋላ፣ ሳያውቁ በልተው ሆስፒታል የሚደርሱ ሕፃናት መብዛታቸውን የካናዳ ሐኪሞች በጥናት ጽፈዋል። ለወጣት ደግሞ ሌላ አደጋ አለ። አእምሮ እስከ 25 ዓመት ገደማ ገና እየተሠራ ነው። በዚያ ዕድሜ አዘውትሮ መውሰድ ማስታወስንና ትኩረትን ይጎዳል፤ ለአእምሮ ሕመምም የሚያጋልጣቸው አሉ። ይህን የሚናገሩት ሕጉን የሚያስፈጽሙት የካናዳ የጤና ባለሥልጣናት ራሳቸው ናቸው።

ለዚያ ለተማሪዬ በማግስቱ ቤቱ ድረስ ሄጄ እንዲህ አልኩት። ፍሬም ቢሆን፣ አንዲትም ብትሆን፣ ካናቢስን ያለ ፈቃድ ከካናዳ ድንበር ማሻገር በካናዳ ሕግ ወንጀል ነው። አጎትህ ገና ከዚያ ሳይነሳ ጥፋተኛ ይሆናል። እዚህ ሲደርስ ደግሞ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን አለ። አንቀጽ 525 አደንዛዥ ዕፅን ያለ ልዩ ፈቃድ የሚያመርተውንም የሚያስገባውንም ከአምስት ዓመት በማያንስ ጽኑ እስራትና እስከ 100 ሺህ ብር በሚደርስ መቀጮ ይቀጣል። አንዲት ችግኝ ጓሮ ውስጥ ናት ብለህ አትሸወድ። ልጁ ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ እናቱ ፊት ለአጎቱ ደወለ። ፍሬው ቀረ። ስንቱ ልጅ ግን የሚነግረው ሳያገኝ ቀርቷል? ውጭ አገር ያላችሁ ወገኖች፣ «ስጦታ» ብላችሁ የወንድማችሁን ልጅ አታሳስሩ።

ልጁ ግን ዝም ብሎ አልሸኘኝም። «እሺ ቲቸር፣ ጫትስ?» አለኝ። መልስ አጥቼ ቤቴ ገባሁ። እውነቱን ነው።

ወደ ካናዳ ልሄድ ሰሞን አንዲት ወዳጄ በፌስታል የተጠቀለለ ደረቅ የጫት ቅጠል አመጣችልኝ። ቶሮንቶ ላለው ልጇ ነው። ለልጄ ስነግራት በስልክ ጮኸችብኝ። «እማዬ፣ ቅጠል የሚባል ነገር ሻንጣሽ ውስጥ እንዳይገባ!» ካናዳ ጫት ማስገባትን በወንጀል ትቀጣለች። እንግሊዝም ከሰኔ 2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከልክላዋለች። እዚያ በጓሮ የሚበቅለው እዚህ ያስራል፣ እዚህ በጓሮ የሚበቅለው እዚያ ያስራል። ተክሎቹ የሚያውቁት ነገር የለም። ለልጆቻችን የምናጥረውን አጥር የምንወስነው እኛ ነን።

ጫት ይከልከል አልልም። ያስተማርኳቸው የሐረርጌ ልጆች ብዙዎቹ ደብተርና ጫማ የተገዛላቸው ከአባታቸው የጫት ማሳ ነው። ወንድሜ ራሱ በርጫ ይቀመጣል፤ ጨዋ ሰው ነው። ግን እንተያይ። ሐሚልተን ላይ ስንት ተክል እንደሚፈቀድ ሕግ ቆጥሮታል። ዕድሜውም ተወስኗል። እኛም እኮ ለሲጋራና ለአልኮል ይህን አድርገናል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ሁለቱንም ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መሸጥ ከልክሏል። ጫት ሻጭ ግን «ዕድሜህ ስንት ነው?» ብሎ ሲጠይቅ በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም።

የጫት ነገር ችኮላ ነው። ትኩስ ቅጠል ውስጥ ያለው የሚያነቃቃው ንጥረ ነገር ከተቆረጠ በኋላ ይደክማል፤ ሁለት ቀን ካለፈው ገዢ የለውም። ለዚህ ነው ከአወዳይ የተነሱት መኪኖች በደንገጎ ጥምዝ ላይ እየበረሩ የሚወርዱት። ድሬ የሚደርሱት ፀሐዩ አናት ላይ ሲሆን ነው። የጠዋት ፈረቃ ተማሪዎች የሚለቀቁትም ያኔ ነው። በሰፈሬ ባለ አንድ ትምህርት ቤት በር ላይ፣ በሩን እንዳለፋችሁ በስተግራ፣ ጫት ሻጮች ሁለት ጆንያ አንጥፈው ይጠብቃሉ። ዩኒፎርም የለበሰ ልጅ ሳንቲም አዋጥቶ ከጓደኞቹ ጋር አንዲት ትንሽ እስር ሲገዛ ቆሜ አይቻለሁ። አንደኛው ከአሥራ ሦስት ዓመት አይበልጥም። ከሰዓት ክፍል ውስጥ አልነበረም። አውቃለሁ፣ ሄጄ ጠይቄአለሁ።

ሻጮቹን አናግሬአቸዋለሁ። ክፉ ሰዎች አይደሉም። አንደኛዋ ልጆቿን ያስተማርኩላት እናት ናት። «ቲቸር፣ እኔ ብነሳ ሌላዋ ትቀመጣለች» አለችኝ። እሷ ብቻ ብትነሳ በርግጥ ዋጋ የለውም። ሁሉም እኩል ሲነሱ ነው። ስለዚህ የምጠይቀው ለከተማችን አስተዳደር ነው። ከትምህርት ቤት በር ስንት ሜትር እንደሚራቅ በቁጥር ይወሰን፣ ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሸጥ፣ ለሴቶቹም የሚቀመጡበት ጥላ ያለው ሌላ ቦታ ይሰጣቸው። ቦታ ሳይሰጡ ማባረር ግን ነውር ነው፤ እንደሱ ከሆነ እኔ የለሁበትም።

ለእናንተም ለጋዜጠኞቹ አንድ ልመና አለኝ። እንዲህ ያለ የውጭ ዜና ስታወጡ «ተፈቀደ» ብላችሁ አታቁሙ። ስንት ተክል፣ በስንት ዓመት፣ በየት ክፍለ ሀገር፣ የጣሰ ምን እንደሚጠብቀው ጻፉ። እዚህም ሕጉ ምን እንደሚል አንድ አንቀጽ ጨምሩ። የሰፈሬ ልጆች ጋዜጣ አያነቡም ብላችሁ አትናቋቸው። አንዱ ያነባል፣ ለአሥሩ ይነግራል።

ከአስተዳደሩ ወይም ከትምህርት ጽሕፈት ቤት አንድ ሰው መጥቶ በዓይኑ ማየት ከፈለገ ብዙ አይቸገርም። በሥራ ቀን ከቀኑ 6 ሰዓት ከሩብ ጀምሮ የመጨረሻው ልጅ እስኪወጣ ድረስ እዚያ በር ላይ ነኝ። ጥቁር ጃንጥላ እይዛለሁ።

ከአክብሮት ጋር
ጡረተኛ የባዮሎጂ መምህርት
ሳቢያን፣ ድሬዳዋ